በከዚራው በረንዳ የቀመስነው ወይን

ድሬዳዋ፣ በሰኔ መግቢያ

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት የከለከለሽ ሐኪም ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም አሳንሰር ጥበቃ ትቆሚያለሽ? ብርዱ አልፎ ዛፉ ሁሉ አበበ ስትይኝ ደስ አለኝ። አንቺ ከበረዶው ትረፊ እንጂ የእኛስ ሙቀት የለመድነው ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። ቤቱም እንደቆመ አለ። ድሬም ያው ድሬ ናት፤ ከረፋዱ በኋላ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል፣ ባጃጆቹ ብቻ አይደክማቸውም።

«ደህና ነኝ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በየእሑዱ በስልክ የምልሽም ይህንኑ ነው። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አንቺም ከዚያ ማዶ «ታድለሽ፣ አንቺ እንኳ ከአባባ ጋር ነሽ» እያልሽኝ፣ ሌላ ምን ልበልሽ? አሁን የጓደኛዬ የአስካለማርያም የእህት ልጅ ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ፣ በእሷ እጅ ልልክልሽ ብዬ በማለዳ ተቀመጥኩ። አባባ አልነቃም። ጥላው ከበረንዳው ሳይሸሽ የምችለውን ያህል ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ለላክሻቸው የፈረንሳይ ወይኖች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱም ጠርሙሶች ሳይሰበሩ ደርሰዋል። አባባ ለልደቱ እንዲቀምስ ብለሽ ነበር የላክሻቸው፤ እኔ ግን ልደቱ ሲያልፍ አልከፈትኳቸውም። ለማን ልክፈት? አባባ ከታመመ ወዲህ እንግዳ እየቀነሰ ሄዶ ቤታችን ሰው የሚገባበት አልነበረም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዴ መጥተው ሲጠይቁት ስማቸውን ካጣው፣ ሁለተኛ ሲመጡ «እናንተ ደግሞ የማን ናችሁ?» ካላቸው፣ በሦስተኛው በስልክ «እንዴት ዋለ?» ማለት ይቀላቸዋል። አልፈርድባቸውም።

ታዲያ ለፋሲካ ኒቆዲሞስ ከአሜሪካ መጣ። ከአጥራችን ማዶ ያደገው ኒቆዲሞስ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ገና ጢም እያበቀለ ነበር። የእናቱን ሙት ዓመት ሊያወጣ ነው የመጣው። ካሊፎርኒያ አረጋውያንን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቹም ከቤት ወጥተዋል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አረማመዱ ግን ያው የልጅነቱ ነው፣ አንድ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ። እሱም ከሚኖርበት አካባቢ የሚጠመቅ ነው ብሎ ሁለት ጠርሙስ ወይን ይዞ መጣ።

ምሳ አብረን ስንበላ የወይኑን ጠብ ያነሳው ይትባረክ ነው፣ የአስካለማርያም ባል። ዕድሜውን ሙሉ ፈረንሳይኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ፈረንሳይን እንደ ዘመዱ ነው የሚቆጥራት። የኒቆዲሞስን ጠርሙስ ገልብጦ አነበበና፣

«አሜሪካኖች እኮ ወይን አይሠሩም፤ የሚሠሩት የሳል ሽሮፕ ነው» አለ።

«ቀምሰህ ታውቃለህ?» አለው ኒቆዲሞስ።

«እሳት እንደሚያቃጥል ለማወቅ መግባት አያስፈልግም።»

በዚህ ተያይዘው ምሳው ቀዘቀዘ። አንዱ የፈረንሳይ አፈር ሲል፣ አንዱ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ሲል፣ በመጨረሻ ጎረቤታችን ራሕማ ትዕግሥቷ አለቀ። ራሕማ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጠው ናት። እኔ ስወጣ አባባን የምትጠብቅልኝ፣ ስልክ ስትደውዪ ከጀርባ ስትስቅ የምትሰሚያት።

«አቦ አደከማችሁኝ! ጠርሙሱን ሸፍነን እናስቀምሳችሁ። ያኔ ምላሳችሁ ይናገራል። የምቀዳው እኔ ነኝ፤ የማልጠጣ ሰው ለማንም አይወግንም» አለች።

እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስለ ወይኑ ግድ ኖሮኝ አይደለም። በረንዳችን ላይ የሰው ድምፅ መስማት አምሮኝ ነው።

በበዓለ ሃምሳ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ተቀጣጠርን። በዋዜማው ታይዋን ወርጄ ባለ እግር ብርጭቆዎች ገዛሁ። ቤት ስደርስ ወገቤ ተያዘ። በማግስቱ አባባን አጥቤ፣ ጢሙን ላጭቼ፣ ያን ሰማያዊ ሸሚዙን ተኩሼ ሳለብሰው ቁልፉን እኔ ስቆልፍ እሱ ሲፈታ፣ እኔ ስቆልፍ እሱ ሲፈታ፣ ሰዎቹ ሲመጡ እኔ ቀሚሴን ገና አልቀየርኩም ነበር። የራሴን ፀጉር በእጄ ዳብሼ ወጣሁ።

መብራት የለም። ወይኑ ሞቋል። ይትባረክ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው ብሎ በረዶ አታምጡ አለ።

«የየት አገር ክፍል?» አለው ኒቆዲሞስ። «በድሬ ክፍል ሙቀት ሻይ ይፈላል።»

ራሕማ ሁለቱንም ሳትሰማ ከሱቅ በረዶ አስመጥታ ጠርሙሶቹን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። መሸፈኛ ሲጠፋ ደግሞ እኔ ገብቼ አንቺ ለአባባ በየዓመቱ የምትልኪያቸውን የሱፍ ካልሲዎች አወጣሁ። ይቅር በይኝ፤ ድሬ ላይ ሱፍ ማን ያደርጋል? በመሳቢያ ተቆልለው የኖሩት ካልሲዎች ያን ቀን ሥራ አገኙ። ራሕማ አራቱንም ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው አለበሰቻቸው። አስካለማርያም እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን የለውም።

አባባን በደገፋ ወንበሩ መካከላችን አስቀመጥነው። ጋቢውን በጉልበቱ ላይ አደረግሁለት። ይትባረክን ለረጅም ጊዜ አየውና እጁን ዘረጋ፤ «ትኬት» አለው። ይትባረክም ክፉ ሰው አይደለም፤ ከኪሱ የቅዳሴውን መርሐ ግብር ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። አባባ ወረቀቱን ጠርዙ ላይ በጥፍሩ ቀደድ አድርጎ መለሰለት። በምድር ባቡር ኮንትሮለር ሳለ እንደሚያደርገው። «መልካም መንገድ» ሲለው ሁላችንም አሜን አልን።

ቅምሻው እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ! የመጀመሪያውን ራሕማ ስትቀዳ ይትባረክ ብርጭቆውን አዙሮ አዙሮ አፍንጫውን ነከረበትና ዓይኑን ጨፈነ። «ዝናብ የነካው አቧራ ይሸታል» አለ። ኒቆዲሞስ በርሜሉ ይሰማኛል፣ እንጨቱ፣ ጣፋጭነት አለው አለ። አስካለማርያም ግን እንደ እኛ ሰው ናት፤ አንድ ጉንጭ ወሰደችና «ብዙ የበሰለ ዘይቱን ነው የሚመስለው፣ ከዛፉ ወድቆ ያደረ» አለች። ሁለተኛው አፍ ያደርቃል። ያልበሰለ ሙዝ እንደበላ ሰው ከንፈራችን ተያያዘ። ይትባረክ «ይህ ነው ክብር ያለው! ሰው የማይለማመጥ ወይን!» ሲል ኒቆዲሞስ «ለምን ይለማመጣል፣ ተቆጥቶ እኮ ነው» አለው። ሦስተኛው እንደ ሁመር ፍሬ ጭማቂ ጎምዘዝ ብሎ መጨረሻው ይጣፍጣል፤ በእሱ ላይ ሳይስማሙ ሁለተኛ ዙር ጠየቁ።

አራተኛው ጠርሙስ ሲከፈት ቡሹ ተፈርፍሮ ውስጥ ገባ። ራሕማ ጠርሙሱን ከነካልሲው ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች፤ በሻሽ አጥልላ በማሰሮ መሳይዋ ጆግ ይዛው መጣች። ያንን ሁላችንም ቀመስን። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ለስላሳ ነው ግን ጉልበት አለው፤ ሲወርድ አይቧጥጥም፣ ከወረደ በኋላም አፍ ላይ ይቆያል። አስካለማርያም ብርጭቆዋን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። ይትባረክ ጉልበቱን መታ።

«ይህች ፈረንሳይ ካልሆነች ከዛሬ ጀምሮ ይትባረክ አትበሉኝ!»

«ተወው ዋሪያ!» አለ ኒቆዲሞስ። «ይህን ጣዕም እኔ አውቀዋለሁ። የእኛ ሰፈር ነው።»

«የእናንተ ሰፈር ከዚራ ነው!» አለችው አስካለማርያም።

ወደ እኔ ዞረው አንቺስ አሉኝ። እታለም፣ እኔ ምን እላለሁ? አንዱንም ከሌላው አልለየሁትም። ብርጭቆውን ይዤ ወንበሩ ላይ ስደገፍ ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ እንዳረፈ ታወቀኝ። «ለእኔ የጣመኝ መቀመጡ ነው» አልኳቸው። ሌሎቹ ሳቁ፤ ኒቆዲሞስ ግን አልሳቀም፣ አየኝ ብቻ።

ራሕማ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አወለቀች። የመጀመሪያው የአሜሪካ፣ ሁለተኛው ያንቺ ፈረንሳይ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአሜሪካ። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ወላሂ እንዳትቆጡኝ» አለች። «አራተኛው ጠርሙስ የፈረንሳይ ነው። ግን የመጀመሪያው ተርፎ ጆግ ውስጥ ገልብጬው ነበር። ስንት ተቸግረው ያመጡት ነገር ምን ያስደፋኛል? ላዩ ላይ ነው ያጠለልኩት። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ በቃ ተታረቁ!»

መጀመሪያ ይትባረክ ፊቱን አጨፈገገ። ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ወደቅን። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ቀዳዳ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። አባባም ሳቀ! ለምን እንደምንስቅ ሳያውቅ፣ እኛ ስለሳቅን ብቻ፣ ያን የጥንት ሳቁን ድዱ እስኪታይ ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ከዚያው ከተቀላቀለው ጠብታ በትንሽ ብርጭቆ አቀመስኩት። ከንፈሩን ላሰ። አገጩ ላይ የወረደውን በመሐረቤ ስጠርግለት እጄን ያዘ።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ ልነግርሽ ሦስት አራቴ ሞክሬ አልሆነልኝም።

እጄን ገልብጦ መዳፌን አየው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ልጄ፣ እጅሽ ሻክሯል» አለኝ። «ብዙ ጊዜ ሆነሽ እኛ ቤት ስትሠሪ?»

«ብዙ ነው፣ አባባ» አልኩት።

«ደግ ልጅ ነሽ። አያለሁ እኮ፣ ዝም ብል አያለሁ። ጎንበስ ቀና ስትይ ትውያለሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙበት ይመስል። «ቤተሰብ የለሽም? የሚጠብቅሽ ሰው የለም? ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት አይኖርም። ሂጂ ወደ ቤትሽ። ስለ እኔ አታስቢ፤ እኔ ልጅ አለችኝ፣ ፈረንሳይ ነው ያለችው። ትመጣለች።»

ይትባረክ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ጋሼ ወልደ ማርያም፣ ልጅዎ እኮ ናት!» ሊል ጀመረ። በዓይኔ አስቆምኩት። አትከራከሩት ብሎኛል ሐኪሙ፤ ስታርሚው ይፈራል፣ ሲፈራ ደግሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። «እሺ አባባ፣ እሄዳለሁ» አልኩት። ራሴን ሳመኝ። አስካለማርያም የማትፈልገውን ነገር ከቦርሳዋ ውስጥ ትፈልግ ጀመር።

ሳያውቀኝ ሲቀር የመጀመሪያው ነው ብዬ አልዋሽሽም። ከአምና ጀምሮ እየመጣ እየሄደ ነው። አንዳንድ ቀን እናታችን ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ነርስ። አልነገርኩሽም፤ ባህር ማዶ ሆነሽ ምን ታደርጊዋለሽ ብዬ። ደግሞም፣ ምን ልደብቅሽ፣ አንቺን አንድም ቀን አልረሳሽም። ስልክ ሲጮህ ስምሽን ይጠራል። ይህንን ስነግርሽ ደስ ሊልሽ ይገባል፤ እኔም ደስ ሊለኝ ይገባል። ግን ሂጂ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያውም በሰው ፊት፣ ያውም እንደዚያ በፍቅር።

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ። ኒቆዲሞስ ተከትሎኝ መጣ። ፎጣ አንስቶ እኔ ያጠብኩትን ያደርቃል። አንዱን ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ፣

«እሳቸው እንኳ ሂጂ አሉሽ» አለኝ።

መቼም እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። «የበሽተኛ ቃል ይዘህ ነው የምትለምነኝ?» አልኩት። ብርጭቆው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን እየለቀመ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አለ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

አንቺ «ምን ለምኖሽ ነበር?» ትያለሽ። አዎን፣ ለምኖኝ ነበር። በሙት ዓመቱ ማግስት ነው። በእናታችንም መቃብር ላይ አበባ አብረን ካኖርን በኋላ በከዚራ ዛፎች ሥር ስንመለስ፣ ወሬ ሳያበዛ፣ «ቤቴ ባዶ ነው፣ ያንቺም ጉልበት አልቋል፣ የቀረንን አብረን እንኑር» አለኝ። እኔ አባቴን ለማን ጥዬ አልኩት። አገር ቤት ይግባ እንዳልለው የሥራው ጡረታ ገና ነው፣ የልጅ ልጁም እዚያ ሊወለድ ነው። ሐሳቡን በልቤ ውስጥ አስቀምጬ በላዩ ላይ ልብስ ሳጥብ፣ ገንፎ ሳገነፋ፣ አንሶላ ስቀይር ሰነበትኩ።

ባለፈው ሳምንት ሄደ። አየር ማረፊያ አልሸኘሁትም፤ ራሕማ ገበያ ስለነበረች አባባን የሚይዝልኝ አላገኘሁም። በአጥሩ በር ላይ ባጃጁን አስቁሞ ወረደና «የምትመልሽልኝን አልጠይቅሽም። የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ» ብሎኝ ሄደ። አቧራው እስኪወርድ ቆምኩ።

ከዚያች እሑድ ወዲህ አባባ ነገሩን አልተወውም። ሌላውን ሁሉ ሲረሳ ይህን ይዟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ሆኖ ይጠራኝና «አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልሄድሽም? ይመሽብሻል እኮ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይለኛል። «ነገ እሄዳለሁ አባባ» እለዋለሁ። «ነገ፣ ነገ ትያለሽ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለ እኔ እያዘነ። አንድ ቀን ራሕማ ይህን ሰማችና ወጥ ቤት መጥታ አቀፈችኝ። «አቦ አታልቅሺ። ያባረረሽ መስሎሻል? አባትሽ እኮ የመረቀሽ ነው» አለችኝ።

ደክሞኛል እታለም። ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ነው የሚደክመኝ፤ ማታስ ማንም ይደክመዋል። አባባን ጠልቼው አይደለም፤ አንቺ ይህን ታውቂያለሽ። በአንቺም አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፤ ወይኑን ስትልኪ እንኳ «ወይን ከመላክ ራሷ ብትመጣ ምን አለ» ብዬ አጉረምርሜያለሁ። አሁን ግን ቅያሜው ራሱ ደክሞት ተኝቷል።

በመስከረም ጡረታ ወጣሁ ብለሽኛል። በስልክ ቀናቱ ረዘሙብኝ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ እያልሽኝ ነው። ጉልበትሽንም እንደሆነ የድሬ ሙቀት ይፈውሰዋል፤ ቤታችንም ደረጃ የለውም። ክረምቱ ሳይወጣ ነይ። ለጉብኝት አይደለም የምልሽ። አባባ ልጄ ትመጣለች ብሎ ለሰው ሁሉ ተናግሯል፤ እባክሽ ቃሉን አታሳጪው።

እግረ መንገዴን አንዳንድ ነገር ልንገርሽ። ክኒኑን በውኃ አይውጥም፤ ፈጭተሽ በፓፓያ አድርጊለት። ስታጥቢው ከእግሩ ጀምሪ፤ ውኃ ድንገት ራሱ ላይ ከፈሰሰ ይደነግጣል። የአጥሩን በር ቁልፍ ከበሩ ላይ አትተዪ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ለገሃር ይወጣል። ባቡሩ ለምን አልመጣም ካለሽ ባቡሩማ ቆሟል እንዳትዪው፤ «ዛሬ ዘግይቷል» በዪው፣ እሱ መጠበቅ ያውቃል። «ታስታውሳለህ ወይ» የምትለዋን ነገር በፍጹም አትጠይቂው፤ ማስታወስ እንዳለበት ሲገባው ነው የሚያዝነው። ዝም ብለሽ አንቺ አውሪለት። ፈረንሳይኛ ብታወሪው ደስ ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ሲነጫነጭ አሮጌ ቁልፎቹን ስጪው፣ ይቆጥራቸዋል። ራሕማ ምን ጊዜም ከአጥር ማዶ ናት፤ ስሟን አንዴ መጥራት ብቻ ነው። ጨዋ ሰው ናት፣ አትፈሪያት።

ፀጉርሽን እንዳሳጠርሽ በፎቶ አይቻለሁ። እሱ የሚያስታውስሽ ረጅም ጉንጉን ያላት ልጅ አድርጎ ነው፤ ሳሎን የተሰቀለችው ፎቶ ላይ ያለችውን። ስትገቢ ወዲያው ካላወቀሽ አትደንግጪ፣ አታልቅሺበትም። ትለምጂዋለሽ። እኔም ለምጄዋለሁ።

የእኔን ክፍል አጸዳሁልሽ። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ማታ ይነፍሳል፤ አባባ ሲጠራም ይሰማል። ግድግዳውን ነጭ አስቀባሁት። ቁም ሳጥኑንም ባዶ አድርጌዋለሁ፣ ሙሉውን ተጠቀሚበት። ያለኝ ልብስ ብዙም ስላልሆነ አንዲት ሻንጣ በቃችው። ባለፈው ደግሞ ፓስፖርቴን ባየው ጊዜው አልፎበት ኖሯል፤ ፎቶ ተነስቼ ላሳድስ አስገባሁት። ፎቶው ላይ አሮጊት መስያለሁ፤ ራሕማ ግን «ሙሽራ» ብላ ሳቀችብኝ።

አባባ ሲነቃ ይሰማኛል፤ ሳል ጀምሯል። መሄድ አለብኝ።

እመቤቴ ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ። መንገድሽን የአባቶቻችን አምላክ ያቅናልሽ፤ ከሰማይ ከምድሩ አደጋ ይሰውርሽ። የአባታችንን ምርቃት ሁለታችንም ሳንጎድልበት የምንካፈለው ያድርገን። ወዳጆቼ ሁሉ ሰላም ብለውሻል፤ ይትባረክ ወይኑ ቢቀላቅሉትም ፈረንሳይ ነው ብሏል።

በናፍቆት፣
ታናሽ እህትሽ

ቀኑን ስትቆርጪ ደውዪልኝ። አየር ማረፊያ መጥቼ ራሴ እቀበልሻለሁ፤ በዚያን ቀን ራሕማ ሱቋን ዘግታ ከእሱ ጋር ትውልልኛለች። ቤት ስንደርስም አንቺ ምንም አትበይ። እጅሽን ይዤ ወደ በረንዳው አስገባሽና «አባባ፣ ልጅህ መጣች» እለዋለሁ።